ከልጅ ጋር ለተወሰነ ጊዜ በውጭ አገር ለመኖር የሚያስፈልጉ ቅድመ ዝግጅቶች

ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ወላጅ ልጁን ይዞ ለመጓዝ ሲወስን ዝግጅቱ ከአንድ ሰው ጉዞ የሰፋ ይሆናል። አዋቂ ሰው ማንነቱን በራሱ አንደበት ያስረዳል፤ ሕፃን ግን የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቼና የት እንደተወለደ፣ ከማን ጋር ለመጓዝ እንደተፈቀደለት የሚመሰክርለት የተያዘለት ሰነድ ነው። ሰነዱ ከጎደለ ወይም ስህተት ካለበት ልጁ ከወላጁ ተለይቶ ሊቀር፣ ትምህርት ቤት ሳይገባ ሊከርም ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ሊከለከል ይችላል።

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በተለይ በደቡብ ጎንደር ዞን በወገዳ ከተማና በስማዳ፣ በጋይንትና በእስቴ ወረዳዎች የሚኖሩ ወላጆችን ታሳቢ በማድረግ ነው። ከአካባቢው ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር በኩል አዲስ አበባ ለሚደርስ ባለጉዳይ እያንዳንዱ ምልልስ ወጪና ቀናት ያስከትላል። ስለሆነም በቀበሌና በወረዳ ደረጃ የሚያልቀውን ሁሉ ከአካባቢ ሳይወጡ መጨረስ ተገቢ ነው።

1. የልደት ምስክር ወረቀት

ለሌሎቹ ሰነዶች ሁሉ መሠረቱ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ይደነግጋል። በዚህ አዋጅ መሠረት ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ የተጀመረ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱና በቤት ውስጥ የተወለዱ ብዙ ልጆች ሳይመዘገቡ ቆይተዋል። ጊዜው ያለፈበት ልደትም ሊመዘገብ ስለሚችል፣ ወላጆች ያላቸውን ማስረጃ ይዘው ምዝገባውን ወደሚያከናውነው የቀበሌ ጽሕፈት ቤት መቅረብ አለባቸው። ልጁ በጤና ተቋም ከተወለደ የተቋሙ የልደት ማሳወቂያ፣ የክትባት ካርዱም ካለ ጠቃሚ ማስረጃ ነው።

2. የልደት ቀንና የስም አጻጻፍ

በገጠር የልጅ ልደት በአብዛኛው የሚታወሰው በበዓል ወይም በወሩ ታቦት ነው። «በጥር ሚካኤል ማግስት» የተባለው ቀን በሰነድ ላይ ሲሰፍር ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ በትክክል መገለጽ ይኖርበታል። ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲለወጥም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል በሚል ስሌት ብቻ መወሰን አይበቃም። ለምሳሌ ጥር 15 ቀን 2010 ዓ.ም. ጃንዋሪ 23 ቀን 2018 ሲሆን፣ ጥር 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ጃንዋሪ 24 ቀን 2020 ነው። የልዩነቱ ምክንያት 2011 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበት ዓመት መሆኑና ቀጣዩ ዘመን በአንድ ቀን ዘግይቶ መግባቱ ነው።

የልጁ፣ የአባቱና የአያቱ ስም በውጭ ፊደል ሲጻፍ በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በፓስፖርቱ፣ በክትባት ካርዱና በትምህርት ማስረጃው ላይ አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባል። በብዙ አገሮች ልጅና ወላጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ። በኢትዮጵያ ግን እናት በራሷ አባት ስም፣ ልጅ ደግሞ በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ ልጇን ይዛ የምትጓዝ እናት ዝምድናዋን እንድታስረዳ ልትጠየቅ ትችላለች። የተተረጎመውንና የተረጋገጠውን የልደት ምስክር ወረቀት ከሻንጣ ይልቅ በእጅ መያዝ ይህን ችግር ያስቀራል።

በሰነዱ ላይ ስህተት ከተገኘ እርማቱ የሚጀምረው ምዝገባው ከተካሄደበት ጽሕፈት ቤት ነው፤ እንደ ስህተቱ ዓይነትም የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ወገዳን ለቆ ከመነሣት በፊት እያንዳንዱን ፊደልና ቁጥር ማመሳከር ያስፈልጋል።

3. የወላጆች ስምምነት

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 እና በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አካለ መጠን ያላደረሰ ነው። ጋብቻቸው ጸንቶ ባለበት ጊዜ አባትና እናት የልጁ የጋራ አሳዳሪና ሞግዚት ናቸው። በመሆኑም ከወላጆች አንዱ ብቻ ልጁን ይዞ ሲጓዝ የሌላው ወላጅ የጽሑፍ ስምምነት አግባብ ባለው አካል ፊት ተፈርሞ ሊረጋገጥ ይገባል። በስምምነቱ የልጁ ሙሉ ስም፣ የሚሄድበት አገር፣ አብሮት የሚሄደው ወላጅ፣ የሚቆይበት ጊዜና የመመለሻው ሁኔታ ቢገለጽ ኋላ ለሚነሣ አለመግባባት መፍትሔ ይሆናል።

ወላጆቹ የተፋቱ ከሆነ ስለ ልጁ አስተዳደግ የተሰጠው የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ አንዱ ወላጅ በሕይወት ከሌለ የሞት ምስክር ወረቀት ይቀርባል። ልጁን የሚወስዱት አያት፣ አክስት ወይም አጎት ከሆኑ የሥጋ ዝምድና ብቻውን አይበቃም፤ ሞግዚትነታቸው በፍርድ ቤት መረጋገጥ አለበት። በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ ስለቀረ፣ በጉዲፈቻ ስም ልጅ ወደ ውጭ እንወስዳለን የሚሉ ሰዎችን አለመቀበልና ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

4. ፓስፖርትና ቪዛ

ሕፃን ቢሆንም እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። አገልግሎቱን የሚሰጠው የኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ሲሆን፣ ለአካባቢው ነዋሪዎች የባሕር ዳር ቅርንጫፍ ይቀርባል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ የ6 ወር ቀሪ ዘመን እንዲኖረው ስለሚጠይቁ፣ የሚያበቃበትን ቀን ከቆይታው ጊዜ ጋር ማገናዘብ ይገባል።

ቪዛ ሲጠየቅ ወላጁ የሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ቤተሰብን የሚያካትት መሆኑን ከአገሩ ኤምባሲ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። የተማሪ ቪዛ በአንዳንድ አገሮች በቂ ገንዘብ መኖሩን በማሳየት ልጅን ለመውሰድ ያስችላል። ለቤት ሠራተኝነት የሚሰጥ ቪዛ ግን በአብዛኛው ልጅ ለመውሰድ አይፈቅድም። ልጅን በጉብኝት ቪዛ አስገብቶ ማስቀረት ልጁን ከትምህርትና ከሕክምና ውጪ ሊያደርገው፣ ሲያዝም ሊያስመልሰው ይችላል። በደላላ አማካይነት ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

5. ሰነድ ማስተርጎምና ማረጋገጥ

በውጭ አገር የሚቀርብ ሰነድ በቅድሚያ ሰጪው አካል ትክክለኛነቱን ያረጋግጥለታል፤ ቀጥሎ ተተርጉሞ አግባብ ባለው የሰነድ ማረጋገጫ ተቋም ይመዘገባል፤ በመጨረሻም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይረጋገጣል። የሚጠየቁት ሰነዶች እንደየአገሩ ስለሚለያዩ ዝርዝሩን ከኤምባሲው አስቀድሞ መጠየቅ ድግግሞሽን ያስቀራል።

6. ጤናና ክትባት

በኢትዮጵያ መደበኛው የሕፃናት ክትባት ሲወለዱ ተጀምሮ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወር እና በ15 ወር ይቀጥላል። ያልተጠናቀቀ ክትባት ካለ ከጉዞ በፊት በጤና ጣቢያ ማስጨረስ ያስፈልጋል። የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቁ አገሮች የዓለም አቀፍ ክትባት ምስክር ወረቀት እንዲቀርብ ያዛሉ። ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀናት በኋላ ስለሆነ እስከ መነሻው ዋዜማ ማቆየት አይገባም። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒቱን ማዘዣ መያዝ ይኖርበታል።

7. ትምህርት

ወላጅ የልጁን የክፍል ውጤት ማስረጃ በማኅተም አስደግፎ፣ ካስፈለገም አስተርጉሞ ይይዛል። ቆይታው ጊዜያዊ በመሆኑ የመመለሻው ክፍልም ከወዲሁ ሊታሰብበት ይገባል። በተለይ የ6ኛ፣ የ8ኛ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚደርስበት ልጅ ከመሄዱ በፊት ትምህርት ቤቱንና የወረዳውን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ማማከር ይጠቅማል። በውጭ የሚሰጠው ውጤት በየዓመቱ በማኅተም ተረጋግጦ ሊሰበሰብ ይገባል፤ ወላጅም ልጁ የአማርኛ ንባብና ጽሕፈቱን እንዳይረሳ በቤት ውስጥ ያስተምራል።

8. በውጭ አገር በሚኖርበት ጊዜ

ወላጁ እንደደረሰ በአቅራቢያው በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ራሱንና ልጁን ቢያስመዘግብ በችግር ጊዜ ለማግኘት ያመቻል። የሁሉም ሰነዶች ግልባጭ አንድ ቅጂ አገር ቤት በታመነ ቤተሰብ እጅ፣ ሌላው በስልክ ወይም በኢሜይል ሊቀመጥ ይገባል። ሳይጠበቅ ወላጁ ቢታመም ወይም ቢታሰር ልጁን የሚረከበው ሰው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ተገልጾ ቢቀመጥ መልካም ነው።

በቆይታው ወቅት ሌላ ልጅ ከተወለደ ልደቱ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይመዘገባል። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። በትውልድ ቦታው ምክንያት የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ልጅ ግን አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያን ለመያዝ መምረጡን ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል።

በአጠቃላይ ዝግጅቱ ከጉዞው ብዙ ወራት ቀድሞ በዚህ ቅደም ተከተል ቢከናወን ይመከራል፦ የልደት ምዝገባና እርማት፣ የወላጆች ስምምነት፣ ፓስፖርት፣ የትምህርትና የጤና ማስረጃ፣ ትርጉምና ማረጋገጫ፣ ቪዛ፣ በመጨረሻም የአውሮፕላን ትኬት። ትኬት አስቀድሞ መግዛት ሰነዱ በዘገየ ጊዜ ለኪሳራ ይዳርጋል። ክፍያና ዝርዝር መስፈርት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ባለጉዳዮች ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ወቅታዊውን መረጃ አገልግሎቱን ከሚሰጠው ተቋም በቀጥታ እንዲጠይቁ ይመከራል።