ለካንሰር ህክምና የገንዘብ እርዳታ ከየት ይገኛል? ከሰንበቴና ከአካባቢዋ ለሚነሱ ታካሚዎች

በቤተሰብዎ ወይም በጉባኤዎ መካከል አንድ ሰው ካንሰር እንዳለበት ሲነገረው፣ ከህመሙ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። ብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያ መልሱ በሬውን ወይም ላሟን መሸጥ ነው። በተገኘው ገንዘብ አዲስ አበባ ይገባል፤ ገንዘቡም ለመኪና፣ ለአልጋና ለምግብ ያልቃል፤ ህክምናው ሳይጀመር ወይም ከመካከል ተቋርጦ ወደ ቤት ይመለሳል።

ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዋና ዋናዎቹ እርዳታዎች የሚገኙት በወረቀት ነው፤ ወረቀቶቹ ደግሞ የሚሰጡት በሚኖሩበት ቀበሌና ወረዳ ነው። ስለዚህ ከብት ከመሸጥዎ በፊት ወረቀትዎን ይያዙ።

1. የጤና መድን

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ ወዲህ ወደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተስፋፋ ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችሉ እጅግ ድሃ ቤተሰቦች ደግሞ መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ሰንበቴ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ዋና ከተማ ስለሆነች ጉዳዩን ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደብተርዎ የታደሰ መሆኑን፣ የታማሚውም ስም በደብተሩ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ።

ምዝገባና እድሳት የሚካሄደው በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ወቅት ነው። ሰው ከታመመ በኋላ መመዝገብ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ ዛሬ ጤነኛ የሆኑ ቤተሰቦች ሁሉ ጊዜው ሳያልፍ ይመዝገቡ።

2. የሪፈር ወረቀት

መድኑ የሚሠራው ደረጃውን ጠብቀው ሲሄዱ ነው። ከጤና ጣቢያ ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካሉ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ አዲስ አበባ የሄዱ እንደሆነ ወጪው በራስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ሪፈር ሲጻፍልዎ «ይህ ህክምና ደሴ ይገኛል ወይ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። ኬሞቴራፒ በየተወሰነ ሳምንት የሚደጋገም ስለሆነ፣ ቀረብ ባለ ቦታ መውሰድ ከተቻለ የመኪናና የአልጋ ወጪ በእጅጉ ይቀንሳል። የጨረር ህክምና ግን ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ይህን የሚሰጠው የመንግሥት ሆስፒታል ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ኋላ በጅማና በሐረር ቢጀመርም ከሰንበቴ ለሚነሳ ሰው የሚቀርበው አዲስ አበባ ነው። ጨረር ለሳምንታት በተከታታይ ሊሰጥ ስለሚችል ማረፊያ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

3. የነፃ ህክምና ደብዳቤ

የመድን አባል ካልሆኑና አቅም ከሌለዎት፣ መክፈል የማይችሉ መሆንዎን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀበሌ አስጽፈው በወረዳው ያጸድቁ። ዋናውን ይዘው ብዙ ኮፒ ያስነሱ። ይህን ደብዳቤ ለማምጣት ብቻ ከአዲስ አበባ ተመልሶ መምጣት ከባድ ኪሳራ ነው።

4. ሆስፒታል ሲደርሱ

የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ (ሶሻል ወርከር) ካለ ይጠይቁ። የትኛው ድርጅት ማንን እንደሚቀበል የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ታማሚው ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር ከሆነ አማርኛ የሚችል አስታማሚ አብሮት ይሂድ።

መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ከሌለ ከውጭ በኪስ ገንዘብ መግዛት ግድ ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚቸገረውም እዚህ ላይ ነው። ከመግዛትዎ በፊት በሌላ የመንግሥት ሆስፒታል ወይም በከነማ መድኃኒት ቤት መኖሩን ያጣሩ። ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ዓይነት (ሲ.ኤም.ኤል.) ላለባቸው ታካሚዎች ግሊቬክ የተባለው መድኃኒት በማክስ ፋውንዴሽን አማካይነት በጥቁር አንበሳ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። ሐኪምዎን ስለዚህ ይጠይቁ።

5. የሚረዱ ድርጅቶች

ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመሠረተ። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው ያቋቋሙት ሲሆን፣ ከክልል የሚመጡ አቅመ ደካማ ታካሚዎችን በማረፊያና በመሳሰለው ይረዳል። ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናትና ለወላጆቻቸው ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅት አለ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ ጽኑ ሕመም ላለባቸው ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ቤታቸው ድረስ እየሄደ የሕመም ማስታገሻ እንክብካቤ ይሰጣል። ቦታው ውስን ስለሆነ ከመንገድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

6. ቅሬና ጉባኤ

መድን መኪና፣ አልጋና ምግብ አይከፍልም። ይህን የሚሸፍነው ጎረቤትና ጉባኤ ነው። በእኛ አካባቢ ቅሬ በሞት ጊዜ ይደርሳል፤ ሰው በሕይወት ሳለም እንዲደርስ አባላቱን ማወያየት ይቻላል። ሙስሊም ጎረቤቶችዎን ከመጠየቅ አይፈሩ፤ በችግር ጊዜ መረዳዳት የነበረ ነገር ነው።

ጉባኤው ገንዘብ ሲያሰባስብ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በሦስት ሰዎች ጣምራ ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሂሳብ ይሁን። ደረሰኝ ይያዝ፤ የታማሚው ፎቶና ምስጢር ያለ ፈቃዱ አይሰራጭ። አንድ እሑድ ብዙ ብር ሰብስቦ ከመርሳት፣ ህክምናው እስኪያልቅ በየወሩ ጥቂት መስጠት ይሻላል። አዲስ አበባ ዘመድ ወይም ወገን ያለው አባል ደግሞ አንድ አልጋ ቢያስገኝ ትልቅ እርዳታ ነው።

በመጨረሻም፣ ስለ ታማሚው እየጸለያችሁ «ተፈውሰሃልና መድኃኒቱን ተው» የሚለውን ምክር አትቀበሉ። የተቋረጠ ህክምና እንደገና ሲጀመር ከፊተኛው ይልቅ ይከብዳል፤ ወጪውም ይጨምራል። ጸሎቱም ህክምናውም አብረው ይቀጥሉ።