የቴህራን ሕፃናትና የኮጃ ስደተኞች ዜና

ይህን ዜና የምንጽፈው ከካምፓላ በስተደቡብ፣ በሐይቁ ዳር ባለችው በጋባ ሆነን ነው። ሐይቁን ፈረንጆች ቪክቶሪያ ይሉታል፤ የአገሩ ሰዎች ግን ናሉባሌ ይሉታል። ከጋባ ወደ ከተማ የሚወጣው መንገድ በካባላጋላ ያልፋል፤ በዚያም ከአገራቸው የወጡ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች እንጀራ ይጋግራሉ፣ ቡና ያፈላሉ። በስተምሥራቅ በኩል ደግሞ፣ በዚያው ሐይቅ ዳር፣ በሙኮኖ አውራጃ ኮጃ የምትባል ስፍራ አለች። ዜናችን የሚያበቃው በእርስዋ ነው። ዘመኑንም በእኛ አቆጣጠር እንጽፋለን።

በ1895 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ በሩሲያ ግዛት በኪሺኔቭ ከተማ ሕዝቡ በአይሁድ ላይ ተነሥቶ ወደ 50 የሚሆኑ ነፍሳትን ገደለ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር ጆሴፍ ቻምበርሌን ለአይሁድ መጠጊያ ይሁን ብሎ በምሥራቅ አፍሪካ ምድር ሰጠ። ስሙ የኡጋንዳ ስጦታ ተባለ እንጂ ምድሩ ዛሬ በኬንያ ያለው የኡአሲን ጊሹ ደጋ ነው። በባዝል የተሰበሰበው የጽዮናውያን ጉባኤም በነሐሴ ወር ተከራከረ፤ 295 ሰዎች ምድሩ ይታይ አሉ፣ 178ቱ እንቢ አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉባኤው ነገሩን ፈጽሞ ተወው። በዚህ አንፈርድባቸውም፤ የሚመጣውን ማን ያውቅ ነበር?

ሂትለር በጀርመን ከነገሠ በኋላ በ1930 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የ32 አገሮች መልእክተኞች በፈረንሳይ በኤቪያን ተሰብስበው ስለ ስደተኞች አይሁድ መከሩ። ሁሉም አዘኑ፤ በሩን ወለል አድርጎ የከፈተ ግን ጠፋ። በሚቀጥለውም ዓመት በግንቦት ወር እንግሊዝ ወደ ፍልስጥኤም የሚገቡት አይሁድ በአምስት ዓመት ከ75,000 እንዳይበልጡ ወሰነች። ይህ በተወሰነ በአራተኛው ወር፣ ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ የጀርመን ጦር ፖላንድን ወረረ። መስከረም 6 ቀን ደግሞ የሶቪየት ጦር በምሥራቅ ገባ። በፖላንድ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጡ አይሁድ ይኖሩ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚሆኑት አልቀው ነበር።

በዘመነ ዮሐንስ፣ የካቲት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. ሌሊት፣ በሶቪየት እጅ በወደቀው የፖላንድ ክፍል የብዙ ቤት በር ተደበደበ። ገበሬውም፣ የደን ጠባቂውም፣ የወታደሩም ቤተ ሰብ ከብት በሚጫንበት ባቡር ተጭኖ ወደ ሳይቤሪያ ተጋዘ። እንዲህ ያለ ግዞት ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ተደገመ። በሰኔ ወር የተጋዙት አብዛኞቹ አይሁድ ነበሩ፤ ከናዚ ሸሽተው ወደ ምሥራቅ የገቡ፣ የሶቪየትን ዜግነት አንቀበልም ያሉ ናቸው። ብዙዎች በራብና በብርድ ሞቱ። ነገር ግን በቤታቸው የቀሩት ወገኖቻቸው በናዚ እጅ ሲያልቁ፣ ከእነዚህ ከተጋዙት ብዙዎቹ በሕይወት ተረፉ። ያጋዛቸው ሊያድናቸው ብሎ አልነበረም።

ሰኔ 15 ቀን 1933 ዓ.ም. ሂትለር በሶቪየት ላይ ዘመተ። በእኛ አገር ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር፤ ከኡጋንዳ የተመለመሉ ወታደሮችም በእንግሊዝ ሰንደቅ ሥር ሆነው በኢትዮጵያ ምድር ከጣሊያን ጋር ይዋጉ ነበር። ሐምሌ 23 ቀን በስደት ላይ የነበረው የፖላንድ መንግሥትና ሶቪየት በለንደን ተስማሙ፤ ግዞተኞቹም ተፈቱ። ጄኔራል ቭዋዲስዋፍ አንደርስ ከሉቢያንካ እስር ቤት ወጥቶ ከግዞተኞቹ መካከል ጦር አቆመ። ሕዝቡም ጦሩን ተከትሎ በእግርና በባቡር ወደ ደቡብ ወረደ።

ያን ጊዜ የሙት ልጆች ማሳደጊያዎች ተከፈቱ፤ ሕፃናቱ ከጦሩ ጋር ወደ ፋርስ ይሻገራሉ ተባለ። ልጆቻቸውን የሚያበሉት ያጡ አይሁድ ወላጆች ሳይሞቱ ልጆቻቸውን ወላጅ የላቸውም ብለው አስረከቡ። ልጁ እንዲተርፍ እናት በሕይወት ሳለች ራስዋን እንደ ሞተች አስቆጠረች። ከዚህ ዜና ሁሉ ለመጻፍ የከበደን ይህ ነው።

በ1934 ዓ.ም. በመጋቢትና በነሐሴ መርከቦቹ የካስፒያንን ባሕር ተሻግረው በፋርስ ፓህላቪ ወደብ አራገፉ፤ ከ110,000 በላይ ሰው ወጣ። ቅማል የወረረው ልብሳቸው ተቃጠለ፣ ራሳቸው ተላጨ። ከራብ የወጡ ስለ ነበሩ በጠገቡበት ቀን የሞቱ አሉ። በቴህራን አጠገብ ለአይሁድ ሕፃናት የብቻ ቤት ተከፈተላቸው፤ ዚፖራ ሼርቶክ የምትባል ሴትም ሞግዚቶቹን እየመራች ጠበቀቻቸው። ሕፃናቱ ነገ አይገኝም ብለው ዳቦውን ከትራሳቸው ሥር ይደብቁ ነበር።

እነዚህ የአይሁድ ሕፃናት ወደ ፍልስጥኤም ሊሄዱ ሲሉ ኢራቅ በምድሬ አያልፉም ስላለች በታኅሣሥ ወር 1935 ዓ.ም. በመርከብ ወደ ካራቺ ሄዱ፤ ከዚያም የኤደንን ባሕረ ሰላጤ አልፈው፣ በቀይ ባሕር ወጥተው ስዌዝ ደረሱ። የካቲት 11 ቀን በፍልስጥኤም ባለችው በአትሊት ከባቡር ወረዱ፤ ከ700 በላይ ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ፣ የካቲት 12 ቀን፣ በአዲስ አበባ ጣሊያን የፈጃቸው ሰማዕታት ስድስተኛ ዓመት ነበር።

በፋርስ ከቀሩት ፖላንዳውያን ከፊሎቹ፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት የሆኑ፣ ወደ አፍሪካ ተላኩ፤ ከነዚህም ከ6,000 በላይ ወደ ኡጋንዳ መጡ። እኩሌቶቹ በማሲንዲ አጠገብ በኒያቢዬያ፣ እኩሌቶቹ በኮጃ ሰፈሩ። የአገሩ ሰዎች እንጨት ቆርጠው፣ ጭቃ መርገው፣ ሣር ከድነው ቤት ሠሩላቸው። ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ተከፈተ፤ በኒያቢዬያም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ፣ እስከ ዛሬም ቆሟል። ከበረዶ የወጡትን እዚህ ደግሞ ወባ ቀሠፋቸው።

የአንባቢን ዓይን ወደ አንድ ነገር እንመልስ። ሕዝቡ ወደ ፓህላቪ መሻገር በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ የካቲት 17 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ስትሩማ የምትባል መርከብ በጥቁር ባሕር ሰጠመች። ከሮማንያ የሸሹ ከ760 በላይ አይሁድ ነበሩባት፤ አንድ ሰው ብቻ ተረፈ። እንግሊዝ ወደ ፍልስጥኤም አይገቡም ስላለች፣ ቱርክ ከወደቤ አይወርዱም ብላ፣ ሞተርዋ የተበላሸውን መርከብ ወደ ባሕር ጎትታ ለቀቀቻት፤ የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብም መታቻት። ለፖላንዳውያን ኮጃን የከፈተች ያችው እንግሊዝ ናት። ፖላንዳውያኑ በለንደን ተቀምጦ የሚናገርላቸውና የቀለባቸው ወጪ የሚቆጠርበት መንግሥት ነበራቸው፤ በስትሩማ ላይ የነበሩት ግን እንዲህ ያለ መንግሥት አልነበራቸውም። ሁለቱንም ያሳደዳቸው አንድ ጦርነት ነው። ፖላንዳውያኑ በመዳናቸው ደስ ይለናል፤ ስለ ስትሩማ ግን ሰነፍ ምክንያት አንቀበልም።

ጦርነቱ ሲያበቃ አገራቸው በሶቪየት ጥላ ሥር ስለ ገባ አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ተበተኑ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱም ሰፈሮች ተዘጉ።

በኮጃ የቀረው መቃብሩ ነው። በጋባ የምትኖር ወገኔ ሆይ፣ አንተም የሰው አገር ያስጠጋህ ነህና፣ አንድ እሑድ ወደ ሙኮኖ ውረድ፤ በመቃብሩ ላይ ያሉትን ስሞች ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው።