ጳውሎስ የተከለከላት እስያ የትኛዋ ናት?

የሐዋርያት ሥራ 16 ስናጠና ከወጣቶች ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ መንፈስ ቅዱስ ጳውሎስን በእስያ ቃሉን እንዳይናገር ለምን ከለከለው? ቻይናና ሕንድ ምን በደሉ? አንዳንድ ሰባኪም ከዚሁ ተነሥቶ «እግዚአብሔር ፊቱን ከእስያ ወደ አውሮፓ አዞረ» ይላል። ይህ እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም፤ አንዱን ሕዝብ የተመረጠ፣ ሌላውን የተናቀ ያደርጋል።

መልሱ እዚያው ቁጥር 6 ላይ አለ። ጳውሎስ ያን ጊዜ ያለፈው በፍርግያና በገላትያ ነው። ሁለቱም ዛሬ እስያ በምንለው አህጉር ውስጥ ናቸው፤ ኢየሩሳሌምና አንጾኪያም እንዲሁ። ጴጥሮስም በመጀመሪያው መልእክቱ መግቢያ እስያን ከጳንጦስ፣ ከገላትያ፣ ከቀጰዶቅያና ከቢታንያ ጋር ይዘረዝራታል። እስያ አህጉሪቱ ብትሆን ኖሮ አራቱን ለብቻ መጥራት ባላስፈለገ ነበር።

ስሙ ብዙ ተጉዟል። በሆሜር ኢልያድ በዚህ ስም የተጠራው ኤፌሶን አጠገብ ወደ ባሕር በሚገባው በካይስትሮስ ወንዝ ዳር ያለ መስክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ሄሮዶቱስ እስከ ሕንድ ያለውን ምድር እስያ ይለዋል፤ ስሙ ከማን እንደ መጣ ግን ግሪኮችና ልድያውያን እንደማይስማሙ ጽፏል።

ሮማውያን መልሰው አጠበቡት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 የጴርጋሞን ንጉሥ ሦስተኛው አታሎስ ልጅ ሳይተካ ሞተ፤ መንግሥቱንም ለሮም ተናዞ ነበር። ሰው እርሻውን እንደሚናዘዝ፣ አገር ከነሕዝቡ! ሮማውያን ያንን ምድር ክፍለ ሀገር አድርገው «እስያ» አሉት። የዛሬዋ ቱርክ ምዕራባዊ ክፍል ነው። የራእይ መጽሐፍ ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉም በዚያ ነበሩ። (አፍሪካም በዚያው ዘመን በካርቴጅ ዙሪያ ያለ የሮም ክፍለ ሀገር ስም ነበር፤ የእኛን ምድር አይጨምርም።)

ስለዚህ ጳውሎስ ወደ መቄዶንያ ሲሻገር ከአንዱ የሮም ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው መሻገሩ ነው። ሉቃስ «አውሮፓ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፈም። ክልከላውም ለዘላለም አልነበረም፦ ምዕራፍ 19ን ግለጡ። ጳውሎስ ኤፌሶን ገብቶ በጢራኖስ የትምህርት ቤት ሁለት ዓመት አስተማረ፤ በእስያ የሚኖሩ አይሁድም ግሪኮችም ቃሉን ሰሙ። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥15 እስያውያን ፊታቸውን እንዳዞሩበት ሲያዝንም የሚናገረው ስለ እነዚሁ፣ በስም ስለሚያውቃቸው ሰዎች ነው።

ኋላ ክፍለ ሀገሩ ተከፋፈለ፤ ስሙም ለአህጉሩ ቀረ። የቀድሞው የስሙ ባለቤት ከአህጉሩ እንዲለይ «ታናሽ እስያ» መባል ግድ ሆነበት። የኤፌሶንንም ወደብ ያው ካይስትሮስ በደለል ሞላው፤ ዛሬ ፍርስራሹ ከባሕሩ ርቆ ይታያል።