የአንድ ጣት ዋጋ ስንት ነው? ከመዲና እስከ ሐርቡ

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጣት ነው፤ በውዱእ የምናጥባት፣ በተሸሁድ የምናነሳት፣ እንጀራ የምንቆርስባት ጣት። ከሐርቡ እየተነሳ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚገባው ወጣትም፣ እዚሁ ወፍጮ ቤት ወይም ብየዳ ቤት የሚውለውም ሪዝቁን የሚፈልገው በእሷ ነው። ታሪኳን ያወቀ ዋጋዋን ያውቃል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዐምር ኢብኑ ሐዝምን (ረ.ዐ) ወደ የመን ሲልኩ በሰጧቸው ደብዳቤ የአካል ጉዳት ካሳ ተዘርዝሮ ነበር። ሙሉ ዲያ 100 ግመል፣ የአንድ እጅ 50፣ የእያንዳንዷ ጣት 10 ግመል። ሰይዱና ዑመር (ረ.ዐ) ደብዳቤው ሳይደርሳቸው ጣቶችን እንደ ጥቅማቸው ለይተው ፈርደው ነበር፦ ለአውራ ጣት 15፣ ለአመልካችና ለመሀል ጣት 10፣ 10፣ ለቀለበት ጣት 9፣ ለትንሿ 6። ድምሩ 50 ነው፤ ከእጅ ካሳ ጋር ይገጥማል። በኋላ ግን ደብዳቤው በዐምር ቤተሰብ ዘንድ ሲገኝ ልዩነቱ ቀረ። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ቡኻሪ የዘገቡት ሐዲስም አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት እኩል ያደርጋል። ፉቀሃዎች እስከ አንጓ ድረስ ወረዱ፤ የአንድ አንጓ ካሳ የጣቷ ሲሶ፣ ሁለት አንጓ ባላት አውራ ጣት ደግሞ ግማሽ ሆነ። "ትንሽ ናት፣ ምንም አይደል" የምትባል ጣት የለችም ማለት ነው።

ማሽን ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ። ጣት የበላው ቺንጋ ነው፤ ቺንጋ ደግሞ ዲያ አይከፍልም። በአውሮፓ ፋብሪካዎች ተጎጂው የአሠሪውን ጥፋት ማስረዳት ነበረበት፤ አሠሪው "አደጋውን እያወቅክ ገባህ" ብሎ ያመልጥ ነበር። እንግሊዝ በ1844 እ.ኤ.አ. የማሽን ጥርሶችና ዘንጎች እንዲሸፈኑ አዘዘች። ጀርመን በ1884 እ.ኤ.አ. ማን አጠፋ ሳይባል ተጎጂው የሚካስበትን መድን፣ በአሠሪዎች መዋጮ፣ በሕግ አቆመች።

በእኛ አገር በ1956 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ወጣ። ከዚያም በ1968፣ በ1985፣ በ1996 እያለ ዛሬ የምንሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ደረስን። አዋጁ ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው ይላል። የሕክምና ወጪው የእሱ ነው። ተጎጂው ከሥራ ሲቀር የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ ያገኛል። በጡረታ ሕግ ላልታቀፈ ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት የማያስችል ዘላቂ ጉዳት የ5 ዓመት ደመወዝ ያስከፍላል፤ የጣት ጉዳት በመጠኑ ከዚያ ላይ ይሰላል። የሥራ ውሉ በቃል ቢሆንም መብቱ አይቀርም። ሆኖም ሰክሮ የገባ ወይም ግልጽ የደኅንነት መመሪያ እያወቀ የጣሰ ሊከለከል ይችላል።

አካባቢያችን በደርግ ዘመን የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅን፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩን አየ። እናቶቻችን በእጅ ይፈጩት የነበረውን ማሽላ ዛሬ ሞተር ይፈጨዋል። ሸክሙ ቀለለ፤ አደጋው ግን መልኩን ለወጠ። ወደ ውስጥ የሚዞሩ ሁለት ሮለሮች፣ ቺንጋና ፑሊ፣ ጥርስና ጥርስ የሚገናኙበት ቦታ ጨርቅም ጣትም አይለይም፤ አንዴ ከያዘ ሰው እጁን ከመሳቡ በፊት ይጎትታል። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ሳይቆም አታጽዱ፣ የተቀረቀረ አትንቀሉ። ሽፋኑን "ሥራ ያጓትታል" ብላችሁ አትፍቱ። ቀለበት አውልቁ፤ ከሚዞር ማሽን አጠገብ ጓንትም ይያዛል። እህቶች የሒጃባችሁን ጫፍ ወደ ውስጥ አስገቡ።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ግን ሌላ ነው። ጣት ሲቆረጥ "ቀደር ነው" ይባላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ለማስታመሚያ ጥቂት ብር ይሰጣል፣ ነገሩ ይዘጋል። በቀደር ማመን ግዴታችን ነው። ነገር ግን ያው ነቢይ ግመልን አስሮ መመካትን አስተማሩ፣ ለጣትም 10 ግመል ቆረጡ። ቀደር ከካሳ ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ዲያ ባልተደነገገ ነበር። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ሽማግሌዎቻችን ግን ከማስታረቃቸው በፊት ሕጉ የሰጠውን ይጠይቁ። ተጎጂውም አደጋውን ወዲያው ያሳውቅ፣ የሐኪም ማስረጃውን ይያዝ።

አላህ እጃችሁን ይጠብቅላችሁ፣ ሪዝቃችሁን ሐላል ያድርግላችሁ፣ የተጎዱትን ያሽርልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።