ክሩዝ፦ የመርከብ ሽርሽር

«ክሩዝ» የሚለው ድምፅ ለጎጃሟ ሮብ ገበያ ሰው ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ላንድ ክሩዘር መኪና በስሙ ውስጥ ይዞት ይዞራል፤ የጦርነት ዜና የሚከታተል ደግሞ ክሩዝ ሚሳይል ሲባል ሰምቷል። አሁን አሁን ቃሉ በሦስተኛ ትርጉም፣ በስልክ በኩል እየመጣ ነው። ውጭ አገር የሚኖር ልጅ እናቱን «እማዬ፣ ዘንድሮ ስትመጪ ክሩዝ እንወስድሻለን» ይላታል። «ወዴት ነው እሱ?» ብትለው ቁርጥ ያለ መልስ ያጣል። መርከቡ ጥቂት ወደቦችን አዳርሶ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ወደ ተነሳበት ቦታ ነውና።

ፍቺው

ክሩዝ ሰዎች ለመዝናናት ብለው በመርከብ የሚያደርጉት፣ መርከቡ ላይ እያደሩ ከወደብ ወደብ የሚዞሩበት ጉዞ ነው። ከሦስትና አራት ቀን ጀምሮ ሳምንትና ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። መርከቡ ባመዛኙ ሌሊት ይጓዛል፤ ቀን ወደብ ላይ ሲቆም መንገደኛው ወርዶ ከተማውን ያያል፣ ማታ ተመልሶ እዚያው ክፍሉ ይተኛል። ስለዚህ መርከቡ ማጓጓዣ ብቻ ሳይሆን ሆቴልም፣ ምግብ ቤትም፣ መዝናኛም ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ሥራ የጀመረው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» 365 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ሲሞላ እስከ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። ሠራተኞቹ ሲጨመሩ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሕዝብ ያህላል።

ቃሉ ከየት መጣ?

እንግሊዝኛ ቃሉን የወሰደው ከደች ቋንቋ ነው፤ የደቹ ግስ ትርጉም «ማቋረጥ» ሲሆን ሥሩ «መስቀል» ከሚለው ስም ነው። መጀመሪያ የተነገረው ባሕር ላይ ወዲህና ወዲያ እያቋረጡ ለሚጠብቁ የጦር መርከቦች ነበር። ወደ መዝናኛ የተሻገረው ዘግይቶ ነው። አትላንቲክን የሚያቋርጡ መርከቦች በብርድ ወራት መንገደኛ ያጡ ስለነበር፣ ከሃምቡርጉ የመርከብ ኩባንያ ኃላፊዎች አንዱ የነበረው አልበርት ባሊን እ.ኤ.አ. በጥር 1891 «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችውን መርከብ ሥራ ፈትታ ከምትቆም ብሎ 241 እንግዶች አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ላካት። ንግዱ ከዚያ ተስፋፋ። በኋላ የጄት አውሮፕላን መጥቶ የባሕር ማዶ መንገደኛውን ሲወስድ፣ ለመንገደኛ መርከቦች የቀረው ዋና ሥራ ይኸው መዝናኛው ሆነ።

ለምን «የመርከብ ሽርሽር»?

«የባሕር ጉዞ» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ይሰፋል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ አውሮፓን ሲጎበኙ ደብረ ማርቆስ ላይ ተቀምጠው ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከተከታዮቻቸው አንዱ ነበሩ፤ ከጅቡቲ የተነሱትም በመርከብ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓን የደረሱት በመርከብ ነው። እነዚህ የባሕር ጉዞዎች ናቸው፤ ክሩዝ ግን አይደሉም። ተጓዦቹ የመንግሥት ጉዳይ ነበራቸው፤ መርከቡ እዚያ ማድረሻ ብቻ ነበር። እንደ ዛሬው የመንገደኛ አውሮፕላን ቢኖር ኖሮ በአውሮፕላን ይሄዱ ነበር።

«ሽርሽር» ግን ልኩን ይይዛል። ሽርሽር የወጣ ሰው ጉዳይ የለውም፤ አየር ቀይሮ፣ አይቶ፣ በልቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ ጉዞውን «የመርከብ ሽርሽር»፣ መርከቡን ደግሞ «የሽርሽር መርከብ» ብንለው ሰሚው ሳይብራራለት ይገባዋል።

በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ጣና ሐይቅ ላይ ያለው የጀልባ ጉዞ ነው። ዓባይ ጎጃምን ዙሪያውን ቢከብም፣ በገደልና በፏፏቴ የሚወርድ ስለሆነ የሽርሽር መርከብ አያስኬድም። ከባሕር ዳር ተነስቶ የዘጌን ገዳማት አሳይቶ የሚመልስ ጀልባ ግን ከክሩዝ የሚለየው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ አይታደርበትም፣ ድንበርም አያሻግርም። ከጅቡቲ በየብስ ተጭና የመጣችው ጣናነሽ ፪ የተባለችው መርከብም ብትሆን የምትንቀሳቀሰው በአንድ ሐይቅ ላይ ነው።

ድንበሩን አትርሱ

የትርጉማችን ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። «ሽርሽር» ሲባል ወረቀት የማያስፈልገው ነገር ይመስላል። የመርከብ ሽርሽር ግን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት አራት አገር ሊያስገባና ሊያስወጣ ይችላል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ቪዛ ይጠየቃል። ጣና ላይ ጀልባው ሴትም ወንድም አሳፍሮ ክብራን ገብርኤል ይደርሳል፤ ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶች አይገቡም። ወደብም እንደዚያው ነው፤ መርከቡ አደረሰኝ ማለት አገሩ ያስገባኛል ማለት አይደለም።

ከባርሴሎና ተነስቶ ጣሊያንን አሳይቶ ቱርክ ደርሶ ወደ ግሪክ የሚያልፍ መርከብ እንውሰድ። መንገደኛው በአንድ ቪዛ ከሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች (ከሸንገን) ወጥቶ እንደገና ስለሚገባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃውም። አሜሪካ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሄዱ ወላጆችም ይህንኑ ይጠንቀቁ። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ ቪዛ የገባ ሰው ከማያሚ ወደ ካሪቢያን ከወጣ በኋላ መመለሻው ሊያስቸግረው ይችላል። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ልጅ ለራሱ የማያስፈልገውን ወረቀት ለእናቱም የማያስፈልግ ሊመስለው ይችላል። ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት የወደቦቹን ስም በዝርዝር ተቀብሎ፣ በእናት ፓስፖርትና ቪዛ ልክ ኩባንያውንና ኤምባሲዎቹን መጠየቅ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ያልተሟላለትን ሰው ኩባንያው ወደብ ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ የከፈለውንም ላይመልስለት ይችላል። ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ ስድስት ወር የሚቆይ ቢሆን ይመረጣል፤ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አብሮ ይያዝ።

ሻንጣ ውስጥ

ትልቁን ሻንጣ ሠራተኞች ወደብ ላይ ተቀብለው ክፍል ድረስ ያደርሱታል፤ እስኪደርስ ግን ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ፓስፖርት፣ መድኃኒትና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይሁን።

የአበሻን ጓዝ የሚመለከት ነገርም አለ። መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ነው። ስለዚህ ሻማና ጧፍ፣ ዕጣን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ካውያ፣ ብዙ ጊዜም የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ገመድ ይከለከላሉ፤ ፍተሻ ላይ ይወሰዳሉ። ጀበናውን ይዞ መግባት ቢቻል እንኳ የሚጣድበት የለም። ቋንጣም ወደብ ላይ የጉምሩክ ሰዎች ሊወስዱት ይችላሉ።

የሚጾም ሰው መራብ የለበትም፤ ግን አስቀድሞ፣ ትኬት ሲቆረጥ ጀምሮ ይንገር። «ጾም» የሚለውን ቃል አስተናጋጁ ስለማይረዳው «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት» ብሎ መዘርዘር ይሻላል።

ገንዘቡ

የትኬቱ ዋጋ በአብዛኛው መኝታውንና ዋና ዋና ምግቡን ይሸፍናል። መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ ልዩ ምግብ ቤቶችና ወደብ ላይ የሚደረጉ ጉብኝቶች ብዙ ጊዜ ለብቻ ይከፈላሉ። በብዙ መርከቦች የሠራተኛ ጉርሻም በየቀኑ በየሰዉ ሒሳብ ላይ ራሱ ይጨመራል። በጥሬ ገንዘብ ስለማይገበያዩ የክፍሉ ካርድ ቁልፍም መክፈያም ነው፤ ወጪው የሚከፈለው መጨረሻ ላይ ነውና ሒሳብን በየማታው ማየት ይበጃል። ስልክም ባሕሩ ላይ ከመርከቡ ኔትወርክ ጋር ከተገናኘ ውድ ያስከፍላል፤ ስለዚህ በበረራ ሁኔታ ላይ ይደረግ። ሕክምናም ይከፈልበታል፤ የጉዞ መድን መግባት ተገቢ ነው።

ሰውነትና ደኅንነት

2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚኖር የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው የባሕር ዳርቻ ወበቅ ራሱ ድካም ነው። ማዞርና ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው ከመርከቡ መሐል ወገብ፣ ዝቅ ያለ ፎቅ ላይ ክፍል ይምረጥ፤ ንዝረቱና ውዝዋዜው እዚያ ይቀንሳል። ሲያዞር ወደ ውጭ ወጥቶ ርቆ አድማሱን ማየት፣ ቀለል ያለ ምግብ መቅመስ፣ ዝንጅብል መጠቀም ይረዳል። ኪኒንም አለ፤ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይሻላል። ብዙ ሰው አንድ ማዕድ ዙሪያ በሚሰለፍበት ቦታ የሆድ ሕመም በፍጥነት ይዛመታልና እጅን በሳሙና መታጠብ አይዘንጋ። ነፍሰ ጡር ሴትን ከ24ኛው ሳምንት ጀምሮ ብዙ ኩባንያዎች አያሳፍሩም።

የአደጋ ጊዜ ልምምድ ሲጠራ አለመቅረት ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» የጣሊያን ደሴት ከሆነችው ጂሊዮ አጠገብ ዐለት መትታ ስትገለበጥ 32 ሰዎች ሞቱ። ያን ዕለት የተሳፈሩት መንገደኞች ገና ልምምዱን አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ ሕግ ተለውጦ ልምምዱ ከመነሳት በፊት ወይም እንደተነሱ ወዲያው እንዲሆን ተደርጓል። ምልክቱ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም ጥሩምባ ነው፤ ሲሰማ መሰብሰቢያ ቦታዎ የት እንደሆነ ማወቅ አለብዎ።

ወደብ ላይ ሲወርዱ ደግሞ የመመለሻውን ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ይያዙ። በራሱ በኩባንያው ጉብኝት ካልሄዱ በስተቀር መርከቡ ቆሞ አይጠብቅም፤ የዘገየ ሰው ቀጣዩን ወደብ በራሱ ወጪ መድረስ አለበት፤ እዚህ ላይ የቪዛው ነገር እንደገና ይመጣል።

አብረው የሚሰሙ ቃላት

ካቢን፦ የመርከብ መኝታ ክፍል፤ መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለውና በረንዳ ያለው አለ። ርካሹ መስኮት የሌለው ነው።

ደክ፦ የመርከብ ፎቅ።

ማስተር፦ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ።

ፖርት ኦፍ ኮል፦ ማረፊያ ወደብ፤ መርከቡ በመንገዱ የሚቆምበት።

ቴንደር፦ ትልቁ መርከብ ጥልቀት አጥቶ ወደቡ ድረስ መጠጋት ሲያቅተው መንገደኛውን የምታመላልስ ጀልባ።

አገባብ፦ «እናታችን የመርከብ ሽርሽር ሄደች፤ የሽርሽር መርከቡ አራት ማረፊያ ወደብ አለው፤ ለአራቱም ቪዛዋን አይተናል።»