ባለ ስድስት አኃዙ ስልክ

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ ከመካከላችን በአንዱ ቤት የመስመር ስልኩ ጮኸ። (የመስመር ስልክ ታስታውሳላችሁ አይደል? ዳንቴል ለብሶ ቡፌ ላይ የሚቀመጠው!) የጓደኛችን እናት አነሱት። ከወዲያ በኩል አንድ ጎርናና ድምፅ፣ «እትዬ፣ ልጅዎ አለ? አብረን የምንማረው ልጅ ነኝ» አለ። እትዬ ግራ ገባቸው። ልጃቸው የሠላሳ ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። «የት ነው የምትማሩት?» አሉ። «አራተኛ ‹ለ›» አለ ድምፁ። እትዬ ይህን ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ እኛም ቀጥሎ ምን እንደሆነ አንጠይቃቸውም።

የደወለው ከአስመራ ነበር።

የዚያን ሰሞን ነገር ታስታውሳላችሁ። ሐምሌ 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ አረፉ፤ ሃያ ዓመት የተቆረጠው ስልክም ተከፈተ። ሰው 291 ብሎ ከኋላው ያሻውን ቁጥር እየቀጠለ ከማያውቀው ሰው ጋር እንኳን ደስ አለን ይባባል ነበር። ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ የአየር መንገዳችን አውሮፕላኖች በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገደኛ ጭነው ወደ አስመራ በረሩ። የእኛ ሰው ግን የሚደውለው ላገኘው ቁጥር አልነበረም። በልጅነቱ በቃሉ የያዛት አንዲት ቁጥር ነበረችው፤ ስድስት አኃዝ። ችግሩ፣ እሱ ከሄደ በኋላ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የአዲስ አበባ ኮድ ከ01 ወደ 011 ተቀይሯል፤ ከስድስቱ አኃዝ ፊትም ሰባተኛ ተጨምሯል። ኮዱን ሰዎች ነገሩት። ሰባተኛዋን ማን ይንገረው? ከ1 ጀምሮ እየተካ ሞከረ። አንዳንዱ አይሠራም፤ አንዱ ላይ ሽማግሌ ተቆጡት። 5 ላይ ሲደርስ እትዬ «ሃሎ» አሉ።

አሁን ወደ 1990 እንመለስ። ሚያዝያ 28 ቀን ባድመ ላይ ተኩስ ሲከፈት እኛ ባድመን በካርታ ላይ አሳዩ ብንባል አናሳይም ነበር። ሰኔ ላይ፣ የማጠቃለያ ፈተና እየተፈተንን ሳለ፣ ኤርትራውያንን ከአገር ማስወጣት ተጀመረ። ነገሩ ለልጅ ቀርቶ ለአዋቂም ግራ ነው። በሚያዝያ 1985 የኤርትራ ነጻነት ሬፈረንደም ሲካሄድ እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ድምፅ የሰጡ ከ57 ሺህ በላይ ነበሩ። ምርጫውን ያኔ የአዲስ አበባም መንግሥት ደግፎታል። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ያው የድምፅ ካርድ «አንተማ የሌላ አገር ዜጋ ነህ» ማለት ሆነ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ እንደገመተው ከኢትዮጵያ የተባረሩት ወደ 75 ሺህ፣ ከኤርትራ የተባረሩት ወይም የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ደግሞ ወደ 70 ሺህ ናቸው። አዘውትሮ የሚሆነው እንዲህ ነበር፦ መጀመሪያ አባወራው ይወሰዳል፤ ሚስትና ልጆች ከወራት በኋላ ይከተላሉ።

የጓደኛችን አባት በዚያ ሰኔ ተወሰዱ። እሱ ክረምቱን ሰፈር ከረመ፣ መስከረም ላይ ከእኛ ጋር አምስተኛ ክፍል ተመዘገበ። እንግዲህ እዚህ ላይ የምንጽፈውን ከዚህ በፊት ጽፈነው አናውቅም። በእረፍት ሰዓት «ሌባና ፖሊስ» መጫወት ትተን «ወታደርና ሻዕቢያ» እንጫወት ነበር። ሻዕቢያ ሁልጊዜ እሱ ነው። ተራ የለም። ትግርኛው ከ«ከመይ ሓዲርኩም» እምብዛም አያልፍም፤ እኛ ግን እጁን በሹራብ ጠፍረን ግቢውን እናዞረው ነበር፤ አብሮን ይስቃል። ጥቅምት ላይ አንድ ሰኞ ቦታው ባዶ ሆነ። መምህራችን ስም ሲጠሩ የእሱን ዘለሉት። አንድም ልጅ እጁን አውጥቶ «የት ሄደ?» አላለም።

ከዚያ በኋላ ስልክ የለም፣ ፖስታ የለም። ጦርነቱ በታኅሣሥ 1993 በአልጀርስ ስምምነት ቢያበቃም መንገዱ አልተከፈተም። ቤተሰብ በቀይ መስቀል መልእክት ወይም አሜሪካና አውሮፓ ባለ ዘመድ በኩል ይጠያየቅ ነበር፤ ለአራተኛ ክፍል ጓደኛ ማን ዘመድ ያስቸግራል?

መስከረም 1 ቀን 2011 የዛላምበሳ ድንበር ተከፈተ። ጓደኛችን ጥቅምት ላይ በዛላምበሳ፣ በአዲግራትና በመቀሌ አድርጎ በአውቶቡስ መጣ። መስቀል አደባባይ ስንቀበለው አላወቅነውም፤ እሱ ግን ሦስታችንንም በቅጽል ስማችን ጠራን። እትዬ ዶሮ ሠርተው ጠበቁት።

ይቅርታ ልንጠይቀው ተመካክረን ነበር፤ ማን እንደሚጀምር ሳይቀር። ገና ጉሮሮአችንን ስንጠርግ እሱ ቀደመን። አስመራ ሲገባ የሰፈሩ ልጆች «አምቼ» አሉት። አምቼን የማታውቁ ካላችሁ፣ ክፍሉ ከጣሊያን መጥቶ አዲስ አበባ የሚገጣጠም የጭነት መኪና ፋብሪካ ስም ነው፤ ደማቸው ከኤርትራ፣ ግጥጥማቸው ኢትዮጵያ ለሆነ ልጆች የወጣ ቅጽል ነው። «እዚያም በጨዋታ ወያኔ አደረጉኝ እኮ!» አለና ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያ ስለ ሳዋ፣ ስለማያልቀው ብሔራዊ አገልግሎት ትንሽ አወራ። ስለ ሰፈሩ ጠየቀ፤ ቤታቸው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል። ሌሊቱ ነጋ፤ ይቅርታው ሳይነሳ ቀረ። ለገና ሲመጣ እንነግረዋለን ተባባልን። እናቱ ብቻቸውን ስለሆኑ ኅዳር ላይ ተመለሰ።

ታኅሣሥ ላይ የዛላምበሳ ኬላ ተዘጋ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ተነሳ፤ እሱ ያለፈባት ዛላምበሳ የጦር ሜዳ ሆና ፈራረሰች። ከነሐሴ 28 ቀን 2016 ጀምሮ ደግሞ የአየር መንገዳችን የአስመራ በረራም ቆመ።

ባለፈው እትዬ ቤት ሄደን ነበር። ልጃቸው በየወሩ ለማይነሳ ስልክ ለምን ይከፈላል፣ ይቆረጥ ይላል። እትዬ ዳንቴሉን አጥበው አልብሰውታል። «ልጁ ሌላ ቁጥር አያውቅም» አሉን።