አሴ፦ የጨው ጉድጓዱ መዘዝ

ጀርመኖች የኑክሌር ቆሻሻቸውን የት እንደሚቀብሩ ሲያስቡ ዓይናቸው ያረፈው ጨው ላይ ነው። ምክንያታቸው ተራ አልነበረም። ጨው ውኃ ካገኘው ይሟሟል፤ ስለዚህ ሚሊዮን ዓመታት ሳይሟሟ የቆየ የጨው ክምችት ካለ ውኃ አልደረሰበትም ማለት ነው። በዚያ ላይ ጨው ሲጫኑት ቀስ እያለ ይሳብና ስንጥቁን ራሱ ይደፍናል። እስከዚህ ድረስ ሳይንሱ ልክ ነው።

ችግሩ ወዲህ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው የሰው እጅ ላልነካው ጨው ነው። በታችኛው ሳክሶኒ፣ ቮልፍንቡተል ከተማ አጠገብ ያለው አሴ 2 ግን ከ1909 እስከ 1964 (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲቆፈር የኖረ፣ ሆዱ የተፈለፈለ ማዕድን ነበር። አንዳንዱ ክፍል ከጨው ክምችቱ ጠርዝ የሚርቀው በጥቂት ሜትር ብቻ ነው። ጎረቤቶቹስ? አሴ 1ን በ1906 ውኃ ዋጠው። አሴ 3ም በ1920ዎቹ ያንኑ ጽዋ ቀመሰ። እንግዲህ ከሦስት ወንድማማቾች ሁለቱ ሰጥመው እያዩ ነው መንግሥት በ1965 የተረፈውን የገዛው!

ስሙን «የምርምር ማዕድን» አሉት። ከ1967 እስከ 1978 ወደ 126,000 የሚጠጋ በርሜል ገባበት። መጀመሪያ ላይ በርሜሎቹ በሥርዓት ይደረደሩ ነበር፤ በኋላ ግን በሎደር እየተገለበጡ ጨው ይደፋባቸው ጀመር። መቼም ለሙከራ የተቀመጠ ዕቃ እንዲህ አይወረወርም።

ማንም አላወቀም እንዳትሉ። ሃንስ ሄልገ ዩርገንስ የተባለ መሐንዲስ በ1979 ማዕድኑ በውኃ ሊጥለቀለቅ እንደሚችል ጽፎ አስጠንቅቋል። ሰሚ ግን አላገኘም። ከ1988 ጀምሮ ጨዋማ ውኃ በየቀኑ ይገባ ጀመር፤ ኋላ ላይ መጠኑ በቀን 12 ሺህ ሊትር ገደማ ደረሰ። ሲዚየም 137 ያለበት ውኃ ውስጥ መኖሩን ሕዝቡ የሰማው በ2008 ነው። ቁጣው እንዴት እንደነበር መገመት አያቅትም። በማግስቱ ዓመት ማዕድኑ ለፌዴራሉ የጨረራ መከላከያ መሥሪያ ቤት ተላለፈ፤ በ2013 ደግሞ ፓርላማው ቆሻሻው ተመልሶ እንዲወጣ በሕግ ደነገገ።

ማውጣቱ በ2033 እንዲጀመር ነው የታቀደው። አሁን የሚመዘነው አደጋ ሁለት ሆኗል፤ ቆሻሻው እዚያው ቢቀር ከርሰ ምድር ውኃው፣ ቢወጣ ደግሞ የዝገት በርሜል የሚነካው ሠራተኛ። ጉድጓዱም ዝም ብሎ አይጠብቅም። በ2024 በዋናው መሰብሰቢያ ይጠራቀም የነበረው ውኃ በድንገት ቀነሰ፤ ባለሙያዎቹም በየት በኩል እንደዞረ ሲያስሱ ከረሙ።